ባሕር የሌለው ወደብ፤ ስለ መተማና ስለ ገዳሪፍ መንገድ ክረምት

ነፋስ የከፋበት መርከበኛ ወደብ ገብቶ ይቀመጣል። ሸራውን ጠቅልሎ፥ መልሕቁን ጥሎ፥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቡና እየጠጣና ሰማይ ሰማዩን እያየ ቀን ይቈጥራል። በቀይ ባሕር ላይ ይህ የግድ ነበር፤ ምክንያቱም በባሕሩ ሰሜናዊ እኩሌታ ነፋሱ አብዛኛውን ዓመት ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚነፍስ፥ ከምጽዋ ወይም ከሱዋኪን ተነሥቶ ወደ ስዌዝ የሚወጣ ባለ ሸራ መርከብ በየደሴቱ ጥግ እየተጠለለ ነፋሱ እስኪበርድለት ይጠብቅ ነበር። በ1541 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋል መርከቦች ከምጽዋ ስዌዝ ለመድረስ ከሁለት ወር በላይ የፈጀባቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (የውጭ አገር መንገደኞችን ጉዞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ነገር በአገራችን አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ከነዚህ መርከቦች ወርዶ 400 ያህል ወታደሮች እየመራ ወደ ደጋው የወጣው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ሌላ ዐይነት ጥበቃ ገጠመው። ባሕሩን ጨርሶ ከየብስ በደረሰ ጊዜ የኢትዮጵያ ክረምት ያዘው፤ በባሕረ ነጋሽ ይሥሐቅ አገር በድባርዋ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ተቀመጠ። በነዚያ ወራት ወታደሮቹ መድፎቻቸው የሚጎተቱበትን መሣሪያ ሠሩ፤ ከአምባ ወርደው የመጡትን እቴጌ ሰብለ ወንጌልንም በክብር ተቀበሉ። ታሪኩ ሲነገር ግን ከባሕር መውጣታቸውና በኋላ የተዋጉት ውጊያ ይተረካል እንጂ የድባርዋ ክረምት በአንድ መሥመር ይታለፋል።

እኔ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ሠልጣኞቼ የዘመን ሰንጠረዥ እንዲያዘጋጁ ባዘዝሁ ቍጥር አንድ ነገር አስተውላለሁ፤ የጥርና የየካቲት፥ የመጋቢትና የሚያዝያ ረድፎች በጦርነትና በጉዞ ሲሞሉ፥ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ከመተማ አካባቢ የመጣ ሠልጣኝ ሰንጠረዡን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ፥ «መምህር፥ በክረምት ሰው አይኖርም ነበርን?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የአማርኛ ቋንቋችን ክረምትን አቃሎ አላየውም። «ከረመ» ስንል ክረምቱን በአንድ ስፍራ ተቀምጦ አሳለፈ ማለታችን ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘነውን ሰው «እንዴት ከረሙ?» እንለዋለን፤ የሚመጣውን ዓመት «ከርሞ» ብለን እንጠራዋለን። በግዕዝም «ክረምት» የዝናቡ ወራትም የዓመቱም ስም ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉ ሊቃውንትም ንጉሡ ያን ዓመት የት እንደ ከረመ መመዝገብ ልማዳቸው ነበር። አባቶቻችን የት እንደ ከረመ ያልታወቀ ሰው የት እንደነበረ አልታወቀም የሚሉ ይመስላል።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንምጣ። ከጎንደር በስተምዕራብ ከደጋው ጫፍ ቍልቍል የወረደ መንገደኛ መተማ ይደርሳል። ከመተማ ትንሽ ቦይ ተሻግሮ የሱዳኗ ገላባት ናት፤ በ1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው የወሰን ውል መሠረት ድንበሩ በሁለቱ መካከል ያልፋል። ከዚያም መንገዱ በዶካ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል። ይህ አገር ባሕር የለውም፤ ነገር ግን መተማና ገዳሪፍ ወደብ የሚያሰኝ ጠባይ ነበራቸው፤ ምክንያቱም በዓመት ውስጥ አራት ወር ያህል በመካከላቸው ያለው ምድር ራሱ ባሕር ይሆን ነበርና ነው።

ያን አፈር ያላየ ሰው ነገሩን ማጋነን ሊያስመስለው ይችላል። ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ፀሐይ ሲመታው የሰው እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጥልበት ያው ስንጥቅ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጫማ ላይ ተለጥፎ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብዳል። በደረቅ አሸዋ ላይ ንጉሥ የሆነው ግመል በዋልካ ላይ እግሩ እየተንሸራተተ ይሰነጠራል፤ በዚህም ብዙ ግመል ይሞታል። ወንዞቹም አሉ። ከእኛ ዘንድ ጓንግ የሚባለው በሱዳን አትባራ ይባላል፤ አንገረብና ሰቲት፥ ማለት የእኛው ተከዜ፥ ከእርሱ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ሽንፋ ራሃድ ተብሎ፥ ዓይማም ዲንደር ተብሎ ወደ ጥቁር ዓባይ ይወርዳል። በበጋ እነዚህ ወንዞች እዚህም እዚያም የተበታተኑ ኵሬዎች ናቸው፤ ልጅ በእግሩ ይሻገራቸዋል። በክረምት ግን ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዐዋቂ ዋናተኛም ይፈራቸው ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላም ነገሩ አያበቃም፤ የወባው ንዳድ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ስለዚህ አስተዋይ የደጋ ነጋዴ መስቀል ሲወጣ ጭነቱን ማሰናዳት ይጀምራል እንጂ ወዲያው ወደ ቆላ አይወርድም ነበር።

በዚህ ምድር ላይ ክረምት ለሁሉም አንድ አልነበረም። ለሹክሪያ ዘላኖች የመሄጃ ጊዜ ነበር፤ ከጭቃውና ከብቱን ከሚገድለው ተናካሽ ዝንብ ሸሽተው ግመላቸውን እየነዱ በስተሰሜን ወዳለው ወደ ቡታና ሣር ይወጣሉ፤ ምድሩ ሲደርቅ ወደ ወንዞቹ ይመለሳሉ። ለገበሬው የማሽላና የሰሊጥ ጊዜ ነው። በመተማና በገላባት የሰፈሩት ተክሩሮች፥ ማለት ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወገን ለሐጅ ጉዞ ወጥተው በዚያው የቀሩ ሕዝብ፥ ክረምቱን ሲያርሱ ይከርማሉ፤ በበጋ ገበያውን ይጠብቃሉ። ሹማቸው ሼክ ጁማ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብር ነበር፤ ይህንም ያደረገው በሁለት ኃይሎች መካከል የተቀመጠ ሰው የሚያደርገውን አውቆ ነው። ለሲራራው ነጋዴ ግን ክረምት የመቀመጫ ጊዜ ነው። ቡናውን፥ ሰሙን፥ ዝባዱን፥ የዝሆን ጥርሱን ሸጦ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ይዞ ሳይመለስ ሰኔ ቢደርስበት ያለው ምርጫ መክረም ብቻ ነው። ያ ገበያ ሰውም ይሸጥበት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም፤ እግሩ የታሰረው ሰው ደግሞ ክረምቱ ሲያልቅ የሚጠብቀው የሚያስፈራ በጋ ነበር። የእርሱን ክረምት የጻፈ የለም።

ገዳሪፍ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር፤ ሹክሪያን ይመራ በነበረው በአቡ ሲን ቤተሰብ ስም የተጠራች ገበያ ናት። ገዳሪፍ የሚለውን ስም ሕዝቡ በዐረብኛ ሲተረጕመው «ጕዳዩን የጨረሰ ይሂድ» እንደ ማለት ነው ይላል፤ ገበያው ሲያበቃ ከሚጮኽ የገበያ ነጋሪ ቃል የመጣ ነው ይባላል። የስም ትርጓሜ ከሕዝብ አፍ ሲመጣ እውነቱን መመርመር አስቸጋሪ ነው። ቢሆንም ጕዳዩን ጨርሶ መሄድ ያቃተው መንገደኛ ስንት ክረምት የተቀመጠባትን ከተማ እንዲህ ብሎ መጥራት ቀልድ ያለበት ይመስለኛል። የምድር ባቡር በ1928 እ.ኤ.አ. ገዳሪፍ እስኪደርስ ድረስ ከተማዪቱ ራሷ በክረምት ከሌላው ዓለም የተለየች ነበረች።

ስለ ነጋዴዎቹ ኑሮ የማውቀውን አብዛኛውን የነገሩኝ በ2007 ዓ.ም. ገንዳ ውኃ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለዚያ ቈይታዬ ወደ ኋላ እናገራለሁ። አባታቸው ከጠላት ወረራ በፊት ጎንደርና ገዳሪፍ ይመላለሱ የነበሩ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። «መምህር፥» አሉኝ፥ «አባቴ ገዳሪፍ ከርመው ሲመጡ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይዘው ይመጡ ነበር፤ ዕዳና ዐረብኛ።» እንዴት እንደሆነ ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፤ የሚከርም ነጋዴ ቤት ይከራያል፥ አጋሰሱን ለሰው ዐደራ ይሰጣል፥ እህል ይበደራል። ዕዳውን ለመክፈል በሚቀጥለው በጋ ተመልሶ ወደዚያው ሰው መሄድ አለበት። ሦስት ክረምት በአንድ ቤት የከረመ ሰው ደግሞ እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ ልጅ ሲወለድ ስም እንዲያወጣ ይጠራል፥ ለቅሶ ሲሆን ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። የሽማግሌው አባት በገዳሪፍ የክርስትና ሳይሆን የክረምት ወዳጅ ነበራቸው፤ ሰውዬው እስላም ነበር፤ በወረራው ዘመን ቤተሰባቸው ሸሽቶ በተሰደደ ጊዜ የተቀበላቸው እርሱ ነው። እኔ ይህን ስሰማ በመጽሐፍ «የንግድ ግንኙነት» ተብሎ በሁለት ቃል የሚታለፈው ነገር በውስጡ ምን እንዳለበት ተረዳሁ።

ክረምቱን ያልጠበቁም ነበሩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ዐፄ ኢያሱን ለማከም ተጠርቶ በ1699 እ.ኤ.አ. በግንቦት ከስናር ተነሣ፤ ጎንደር የደረሰው በሐምሌ 21 ቀን ነው። ንጉሥ የጠራው ሰው መስቀልን መጠበቅ አይችልም። አብሮት ይጓዝ የነበረው ቄስ ብሬቬዳን ግን ጎንደርን ሳያይ ባርኮ በሚባል ስፍራ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዐረፈ። የገደለው የመንገዱ ክረምት ነው ብሎ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ሆኖም በሰኔና በሐምሌ በዚያ ቆላ ያለፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው የአገሩ ሰዎች ያውቁ ነበር።

ተቀምጦ በመክረሙ ትልቅ ትምህርት ያገኘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። በ1861 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በአትባራ ዳር ወደ ደቡብ ሲወጣ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ጕማሬውና አዞው በየኵሬው ተጨናንቀው ነበር። በሰኔ ወር በአንድ ሌሊት፥ ዝናብ ሳይጥል፥ በሰማይም ደመና ሳይታይ፥ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ዐረቦቹ ወንዙ መጣ ብለው እየጮኹ በአሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ። ሲነጋ ቤከር ያየው ወርዱ 500 ያርድ ያህል፥ ጥልቀቱም ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚሆን ወንዝ ነበር። ዝናቡ የዘነበው እርሱ በቆመበት አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ደጋ ነበር እንጂ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ስለ ተዘጋ ሶፊ በምትባል በአትባራ ዳር ባለች መንደር ጎጆ ይዞ ከረመ። ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል፥ ጭቃውን ተሸክሞ ሲወርድ ተመለከተ። በየዓመቱ ግብፅን የሚያጠግበው ጎርፍና ለም አፈር ከኢትዮጵያ ወንዞች የሚወርድ መሆኑን በ1867 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አስረዳ። የኛ ገበሬ አፈሩ እየተሸረሸረ ሲሄድ ሲያይ ይህን ከጥንት ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ከታች ሆኖ ሲደርስ ያየና የጻፈ ሰው መኖሩ ጠቅሟል። ክረምቱ ሲጎድል ቤከር አትባራን የተሻገረው በሚያስቅ መርከብ ነው። ነፋስ የተሞሉ አቍማዳዎች ከአልጋ ሥር አስሮ ታንኳ ሠራ፤ ከእንግሊዝ አገር ያመጣትን የገላ መታጠቢያ ገንዳም ከላይ አስቀመጠባት። የሐምራን ዋናተኞች ገፍተው አሻገሩት። መርከበኛ ያልሆነ ሰው ወደብ ላይ ብዙ ሲቈይ መርከብ መሥራት ይማራል ማለት ነው።

ጦር ሠራዊትም እንደ ነጋዴው የክረምትን ቍልፍ ይጠብቅ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን የመቱት በጥር 1879 ዓ.ም. ነው። አቡ አንጃ በሳር ውኃ ድል አድርጎ ጎንደርን ያቃጠለው በጥር 1880 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ሦስቱም ምድሩ ደርቆ፥ ወንዙ ጎድሎ ሳለ የሆኑ ናቸው፤ ተማሪዎቻችን እነዚህን ቀኖች በቃላቸው ሲይዙ ወሩ ለምን ጥርና መጋቢት እንደሆነ ብንጠይቃቸው ከቀኑ ይልቅ ምድሩን ይረዱ ነበር።

ይህ ልማድ በታላቅ ሁኔታ የተሰበረው በ1932 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ስለዚህም በዚህ ላይ ጥቂት እቈያለሁ።

ኢጣልያ በሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀች። በወሩ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር በአይሮፕላን በእስክንድርያ በኩል መጥተው ካርቱም ገቡ። ነገር ግን የገቡበት ጊዜ የክረምት መግቢያ ነበር። የኢጣልያ ጦር በሰኔ 27 ቀን ከሰላንና ገላባትን ያዘ፤ ከዚያ አልፎ ብዙ አልገፋም፤ ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ዋልካውና ጎርፉ ከምክንያቶቹ መካከል እንደ ነበሩ አያጠራጥርም። ሁለቱ ሠራዊቶች በጭቃ ተለያይተው ተፋጠጡ። እንግሊዞች በሱዳን የነበራቸው ጦር ጥቂት ነበር፤ መሣሪያም አልተሟላም። ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን ከድንበር ማዶ እያሰቡ ሐምሌን፥ ነሐሴን፥ መስከረምን ካርቱም ላይ ከረሙ። በእነዚያ ወራት ከበጌምድርና ከጎጃም ጠመንጃ ፍለጋ ወደ ሱዳን ጠረፍ የወረዱ አርበኞች ነበሩ፤ የንጉሡን መምጣት በጆሯቸው ሰምተው በዐይናቸው ለማረጋገጥ የመጡም ነበሩ። በአርማጭሆ እነ ቢትወደድ አዳነ መኰንንና «አሞራው» የተባሉት ውብነህ ተሰማ ጠላትን ዕረፍት ይነሡት ነበር።

በዚህ ጊዜ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ክረምቱን ላለመጠበቅ ቈረጠ። ሳንድፎርድ ከወረራው በፊት በኢትዮጵያ የኖረ፥ በሙሎ ያረሰ፥ አገሩንና ሰዉን የሚያውቅ ሰው ነው። «ሚሲዮን 101» ተብሎ የሚጠራውን ቡድን እየመራ፥ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ከተላኩት ከአዛዥ ከበደ ተሰማ፥ ከጥቂት እንግሊዛውያንና ከኢትዮጵያውያን ጓዶቻቸው ጋር ከዶካ ተነሥቶ በነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻገረ። የፍልሰታ ጾም ስድስተኛ ቀን ነበረ። በመተማ የነበረውን የኢጣልያ ዘብ ለመሸሽ በስተደቡብ ባለው ጫካ ዞሩ። በቅሎ ያለቀው፥ ሰው በንዳድ የታመመው፥ ወንዝ በሞላ ቍጥር የተጠበቀው በቀላሉ ይገመታል፤ ይሁን እንጂ ያው ዝናብ ለጠላት ጠባቂም ለጠላት አይሮፕላንም መሰናክል ነበር። በመስከረም ሰከላ፥ ማለት ግልገል ዓባይ ከሚመነጭበት አገር፥ ደረሱ። እዚያም ሳሉ እርስ በርስ ተቃርነው የነበሩት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እንዲስማሙ አደረጉ።

ይህች ነገር ቀላል መስላ ትታያለች። ነገር ግን ሳንድፎርድና አዛዥ ከበደ መስቀልን ጠብቀው ቢነሡ ኖሮ ጎጃም የሚደርሱት በኅዳር ነበር፤ በጥቅምት ወር የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ካርቱም መጥቶ ስለ ኢትዮጵያ ጕዳይ ምክክር በተደረገ ጊዜ ከጎጃም የመጣ የታመነ ወሬ አይገኝም ነበር። በእኔ አስተያየት የ1933 ዓ.ም. በጋ የተወሰነው በ1932 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዋጋውም ነበረው፤ በእነርሱ ፍለጋ ተከትሎ የገባው አርኖልድ ዊንሆልት የሚባል አውስትራልያዊ ሽማግሌ ወታደር በጠላት ደፈጣ ተገደለ። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ነበር።

የጠበቁት ደግሞ በመጠበቃቸው ሁልጊዜ አልተጠቀሙም። መሬቱ እንደ ደረቀ፥ በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ ይዞ ገላባትን መልሶ ያዘ፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም። ታንኮቹ በድንጋይና በፈንጂ ተሰናከሉ፥ የኢጣልያ አይሮፕላን ሰማዩን ያዘ፥ ጦሩም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ስሊም በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነ ጄኔራል ሆነ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመተማውን ቀን አንሥቶ ፍርሃቱን አማካሪ ማድረጉን በግልጽ በመናገር ራሱን ወቅሷል። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ከጄኔራል አፍ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ በክፍል ውስጥ ቢነበብ ከብዙ የድል ታሪክ ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል። ኢጣልያኖች መተማን የለቀቁት ራሳቸው በጥር ወር መጨረሻ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ጥምቀት በዋለ በማግስቱ፥ ከመተማ በስተደቡብ በዲንደር ዳር ባለችው በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በነሐሴ ቢሆን ኖሮ ያ ወንዝ ማንንም አያሳልፍም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስፋልት ከአዘዞ እስከ መተማ ተዘርግቷል፤ ከገላባትም እስከ ገዳሪፍ። ወንዞቹ ድልድይ አግኝተዋል። ነጋዴው በክረምት የሚያግደው የኬላ ሹም ወይም ጦርነት ነው እንጂ ጭቃ አይደለም ለማለት ይቻላል። መከረም ግን አልቀረም፤ የሚከርመው ሰው ተለወጠ እንጂ። በገዳሪፍ ወገን ያለችው ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩባት ናት፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን እንደ ገና ሰፈሩባት። በዚያው ዓመት የክረምት መግቢያ ነፋስና ዝናብ የኡም ራኩባንና የቱነይድባህን ድንኳኖች አፈራረሰ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሕዝቡ በተቃራኒው በመተማ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ፤ ያን ክረምት በድንኳን ያሳለፈው የካርቱም ሰው ነበር። በእነዚያ ድንኳኖች ውስጥ አስተማሪዎችም ነበሩ። ማን ከማን ቤት እንደ ከረመ፥ ማን ለማን እህል እንዳበደረ ዛሬ ካልጻፍነው፥ ከ50 ዓመት በኋላ በሰንጠረዡ ላይ ሌላ ባዶ ረድፍ ይሆናል።

የገንዳ ውኃውን ነገር እናገራለሁ ብዬ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መስከረም ገና ሃያዎቹን ያላጋመስሁ አስተማሪ ሆኜ ወደ ቋራ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ተወስኖ ተነግሮናል፤ ቀኑን የወሰኑት ሰዎች ግን ሽንፋን የሚያውቁት አይመስለኝም። ከዋናው አስፋልት የሚገነጠለው መንገድ ያው የጥንቱ ዋልካ ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ ስለ ወጣ መኪና አልሄደም። ዘጠኝ ቀን ገንዳ ውኃ ተቀመጥሁ። ሦስት አስተማሪዎች፥ አንድ የጤና ሠራተኛ፥ አንድ የሰሊጥ ነጋዴና ሽማግሌው በአንዲት ቡና ቤት ውለን እናመሽ ነበር። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ደመወዜ ይቈረጣል ብዬም ሠጋሁ። ሽማግሌው ግን በየማለዳው ወደ ደጅ ወጥተው ወደ ደጋው ወገን ይመለከቱና፥ «ልጄ፥ ዛሬም እዚያ ላይ ይዘንባል» ብለው ተመልሰው ይቀመጡ ነበር። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ተነሣን፤ ሁለት ጊዜ ሰምጠን ሁለት ጊዜ ወጣን፤ ሽንፋ ጎድሎ ነበርና ተሻገርን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። በሩ ተዘግቷል፥ ቍልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ከጣራው ሥር ግን 11 ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘን። ከማዶ መንደር ወንዙ ሳይሞላ ቀድመው ተሻግረው ከዘመድ ቤት ሰንብተዋል፤ በየቀኑ እየመጡ ሲጠብቁን ነበር።